ምስማር የሚነቅል ነፋስ

ነፋስ ዕቃ ሲበትን እንጂ ሲሰበስብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ መቐለ ላይ ያየሁ መስሎኝ ነበር።

ሓድነት ሰፈር ላይ ነፋስ የብዙ ቤት ጣሪያ የገለጠ ጊዜ፣ ዩኒቨርሲቲ የምናስተምር ጓደኛሞች ልንጠግን ወጣን። ቆርቆሮና ምስማሩን የሰጡን የሮማናት አደባባይ ባለሱቆች ናቸው። ለእኔ የደረሰኝ የአንዲት እናት ቤት ነበር፤ አደይ ለተብርሃን ይባላሉ።

ግቢያቸው ስገባ ግራ ገባኝ። የጎረቤት ቆርቆሮ ተጠማዝዞ ዛፍ ላይ ተሰቅሏል። የእሳቸው ግን ግድግዳ ሥር በሥርዓት ተደርድሯል፤ ምስማሮቹም ተለቅመው ጣሳ ውስጥ ገብተዋል።

«አደይ፣ ቆርቆሮውን ማን ሰበሰበው?»

«ነፋሱ ነዋ!»

«ምስማሩንስ?»

«እሱንም ነፋሱ ነው፣ ልጄ። በል ውጣ!»

መሰላሉን ይዘውልኝ ወጣሁ። እኔ ስመታ የእሳቸው ዓይን ከግቢው በር አይነቀልም፤ ትንሽ ባረፍኩ ቁጥር «አጆኻ፣ ቶሎ በል!» ይሉኛል። እንዲህ ያለ ጨዋ ነፋስ ሰምቼ ስለማላውቅ ከላይ ሆኜ እንደገና ጠየቅኳቸው።

«ለመሆኑ በየት በኩል ነው የመጣው?»

«በበሩ» አሉኝ።

የመጨረሻውን ምስማር እየመታሁ ሳለ የግቢው በር ብርግድ ብሎ ተከፈተ። አንድ ሽበታም ሰውዬ ገባና ጣሪያውን ሲያይ ራሱን ያዘ።

«እሷን ከቤቴ ላስወጣ ስንት ለፍቼ ያነሳሁትን ጣሪያ ማነው የመለሰው?» ብሎ ጮኸ።

አደይ ለተብርሃን መሰላሉን ሳይለቁ ቀና ብለው አዩኝ።

«ነፋሱ መጣ፣ ልጄ።»