ከሰርጉ በኋላ የሚጀምረው ፊልም

ታላቅ እህቴ ስትዳር ቪዲዮ የሚቀርጸውን ሰው ያመጣነው ከጎባ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር፤ እኛ ሮቤ ካሜራ ያለው ሰው እንደ ልብ አይገኝም። አባቴ ሱቅ ስለነበራቸው ቴሌቪዥንና ዴክ ቤታችን ነበር፤ ካሴቱ እንደመጣ ዘመድ ጎረቤቱ ሰርጉን ሊያይ ሳሎናችን ሞላ።

በቪዲዮው መጨረሻ ሙሽሮቹ ወደ ደሎ መና የሚወስዳቸው መኪና ውስጥ ገቡ። እናቴ እንባዋን በሻሿ ስትጠርግ ምስሉ ተንሸዋረረና ጠፋ። ከዚያ አቧራ ውስጥ አንዲት ሴት ትልቅ መዶሻ ይዛ ብቅ አለች፤ አንዱን ዘበኛ አናቱን አለችው። ደሙ እንደ ድልህ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

«አስተግፊሩላህ! ምን ጉድ ነው? ዝጊው!» አሉ አባቴ።

ዘጋሁት። ሰውየው ፊልም ያለበት አሮጌ ካሴት ላይ ሰርጋችንን ቀርጾበት፣ ሰርጉ ሲያልቅ የፊልሙ ግማሽ ተርፎ ነበር። በማግስቱ ሰው ሲወጣ ጠብቄ ከፈትኩት።

ፊልሙ የማይረባ ነበር፤ ያኔም አውቄዋለሁ። ታሪኩ ድንጋይ ስለሚያስፈልጧቸው እስረኛ ሴቶች ነው፤ ልብሳቸው ያለ ምክንያት ይቀደዳል። ዘበኞቹ ሳይመቱ ይወድቃሉ፤ ጢማሙ ዘበኛ ሞቶ ሲያበቃ እንደገና መጥቶ ይሞታል። ቋንቋውን ከእኛ ወገን የሚያውቅ አልነበረም። ግን ያቺ ሴት ከመምታቷ በፊት ዝም ብላ ታያለች። ያ አስተያየቷ ያዘኝ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ጭር ባለ ቁጥር እጄ ወደ ካሴቱ ይሄድ ነበር፤ ልተወው ብዬ አልተወኝም።

ዓመት ሳይሞላ እህቴ ከደሎ መና መጣች። አንድ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል። እናቴ ደረቷን መታች እንጂ አልጠየቀቻትም። ሦስታችን ሳሎን ቁጭ እንዳልን፣ የምትጽናና መስሎኝ፣

«ሰርግሽን ልክፈትልሽ?» አልኳት።

«እሱን አላይም። ሌላ ነገር የለሽም?»

ሰርጉን በፍጥነት አሳለፍኩትና ሴትየዋን አመጣሁላት። ጢማሙ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሞት ሳቋ አመለጣት፤ ያበጠ ፊቷን በመዳፏ ይዛ፣ እያመማት ሳቀች። «እንደገና መልሺው፣ እባክሽ» አለችኝ። እዚያች ቦታ ላይ እየመለስን ዋልን።

ሽማግሌዎቹ ከባሏ ጋር የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። ጫት ቀርቦ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ትልቁ ሽማግሌ እህቴን አስጠሯት። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ቤትሽ እዚያ ነው። ሰብር አድርጊ፣ ታገሺ። እሱም ጥፋቱን አምኗል» አሏት። ባሏ አንገቱን ደፍቶ ነበር። አባቴ ምንጣፉን እያዩ «እናንተ ካላችሁ» አሉ። በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ብናገርም የሚሰማኝ አልነበረም።

በምትሄድበት ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ፊልሙን ስናይ አባቴ ከሱቅ ገቡ። ላጠፋው ስነሳ «ተይው» አሉና ጥግ ላይ ተቀመጡ። ካሴቱ እስኪያልቅ ከእኛ ጋር አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ይህች ልጅ አባት የላትም?» አሉኝ።

«መጀመሪያው ላይ ይኖር ይሆናል፣ አባባ። እሱ ላይ ሰርጉ ተቀርጾበታል» አልኳቸው።

ተነስተው ለሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ወጡ። በማግስቱ ማለዳ አውቶቡስ ተራ ድረስ የሸኟት እሳቸው ናቸው፤ መንገዷ ላይ ያለው የሰነቲ ደጋ እንዳይበርዳት ካፖርታቸውን አልብሰዋት ያለ ካፖርት ተመለሱ።

እህቴ ከዚያ ብዙ ጊዜ መጣች፣ ብዙ ጊዜም መለሷት። በመጣች ቁጥር ከሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቀኝ ስለ ሴትየዋ ነበር።

ዓመታት አልፈው ካሴቱ መንሸዋረር ሲያበዛ ጎባ ውስጥ ወደ ሲዲ የሚገለብጥ ልጅ አለ ተባለና ወሰድኩለት። ስመለስ ፈገግ ብሎ ተቀበለኝ።

«እህቴ፣ ሰርጉ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ከኋላው አስቀያሚ ነገር ነበረበት፤ ቤተሰብ እንዳያይባችሁ ቆርጬ አውጥቼዋለሁ።»

«ካሴቱስ?»

«አሮጌ ነው ብዬ ጣልኩት። ለምን፣ ትፈልጊው ነበር?»

ምን እለዋለሁ? ለክብራችን አስቦ ነው። አመስግኜው ወጣሁ፤ ሮቤ እስክደርስ ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። አጠገቤ የነበሩት እናት ሰው የሞተብኝ መስሏቸው «አብሽሪ፣ ልጄ» እያሉ ትከሻዬን ያሹኝ ነበር።

አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር ፊልም ቤቶችን ጠይቄአለሁ። አሁንም ስልክ የሚችሉ ወጣቶችን አስቸግራለሁ። ሁሉም «ርዕሱ ማን ይባላል?» ይሉኛል። ርዕሱ ሰርጉ ስር ቀርቷል።

የእህቴ ባል በሽታ ጣለው፤ አሁን የምታጎርሰው እሷ ናት። ስልክ ስንደዋወል ስለ እሱ ትንሽ ታወራኛለች፤ ከዚያ ወደ ፊልሙ እንሄዳለን። እሷ የሴትየዋ ሱሪ ቢጫ ነበር ትላለች። እኔ ቀይ ነው እላለሁ። ለረጅም ጊዜ እንከራከራለን፣ የሚዳኘን ግን የለም።