የቤሪል የሸክላ ከሰሎች

ቤሪል ክላፍተን ሳሎኗን የሚያሞቀው የጋዝ ምድጃ ፊት ተንበርክካ የሸክላ ከሰሎቿን አንድ በአንድ እያነሳች ጋዜጣ ላይ ትደረድራለች። ዓርብ ዓርብ የምትሠራው ሥራ ነው። ዛሬ ግን ከሰዓት በኋላ የጋዝ ሠራተኛ ይመጣል። የሚመጣው እሳቷን ሊጠግን ሳይሆን ነቅሎ ሊወስድባት ነው። የጠራችውም ሌላ ሰው ሳትሆን የገዛ ልጇ ጃኒስ ናት።

"እማ፣ አንድ ቀን ጋዙን ከፍተሽ ትረሺዋለሽ" ነበር ያለቻት ጃኒስ። "ማንቆርቆሪያውን ፍሪጅ ውስጥ አላገኘሁትም?"

አግኝታዋለች። ቤሪልም አትክድም። ይህ ክረምት ከገባ ወዲህ ጭንቅላቷ የሷ አልሆን ብሏል። ጠዋት ስትነሳ ራሷን ይወቅራታል፣ ያቅለሸልሻታል፣ ጉልበቷ ይከዳታል። አርባ ዓመት የኖረችበትን ጎረቤት ስም ስትፈልግ ታጣዋለች። በማዕድን ሠራተኞች ክበብ ቢንጎ ሲጫወቱ ቁጥሯ ሳይሞላ "ቢንጎ!" ብላ ጮኻ አዳራሹን በሳቅ አፍርሳዋለች። እሷም አብራ ሳቀች። ቤቷ ስትገባ ግን ካፖርቷን ሳታወልቅ ቁጭ ብላ አለቀሰች። የመንደሩ ሐኪም መርምሮ "ዕድሜ ነው" አላት። የገና በዓል ሰሞን ጃኒስ ቤት ሰንብታ ጭንቅላቷ እንደ መስተዋት ጠርቶላት ነበር፤ ጃኒስ ግን "አየሽ፣ ሰው ሲኖር ደህና ነሽ" ብላ ለራሷ ሐሳብ ማስረጃ አደረገችው።

የጃኒስ ሐሳብ ባርንስሊ ከተማ ውስጥ ያለ የአረጋውያን ቤት ነው። አንድ ቀን ይዛት ሄዳ አሳይታታለች። ንጹሕ ነው፤ እንከን አይወጣለትም። መስኮቱ ወደ መኪና ማቆሚያ ያያል፣ ሳሎን ሙሉ ሰው ቴሌቪዥን ፊት ያንቀላፋል፣ እሳት የሚባል ነገር የለም። ቤሪል እዚያ የቀረበላትን ሻይ ሳትጨርስ ካፖርቷን አነሳች። ዛሬ እሳቷ ከተነቀለ ቀጥሎ የምትነቀለው እሷ መሆኗን አውቃዋለች።

ስለዚህ ዛሬ ከሰሎቹን እንደ ሙሽራ ልታሰማምራቸው ቆርጣለች። ያ የጋዝ ሰውዬ ሲገባ፣ ይህች ሴትዮ አንድም ነገር አልረሳችም ብሎ እንዲመሰክርላት። የሸክላ ከሰል በውሃ አይታጠብም፣ ጠንከር አድርገው ካሹት ይፈረፈራል። ቤሪል የምታራግፈው በሟቹ ባሏ በሬጅ የጺም ብሩሽ ነው። የዛሬው ጥላሸት ደግሞ ጉድ ነው። ብሩሹ ጠቆረ፣ ጋዜጣው ጠቆረ፣ የአፍንጫዋ ጫፍ ሳይቀር ጠቆረ። "ድሮስ እሳት ካላጠቆረ ምን እሳት ይባላል" ብላ አለፈችው።

እሳት ለቤሪል ቀልድ አይደለም። የተወለደችው እዚሁ ቶርንሊ ሙር፣ እዚሁ የቤት ረድፍ ላይ፣ ከአምስት በር ወዲያ ነው። አባቷ የከሰል ማዕድን ጉድጓድ ወራጅ ነበር፤ ወንድሞቿም፣ ያገባችውም። የሠራተኛ ድርሻ የሆነው የድንጋይ ከሰል በየበሩ ላይ ይዘረገፍ ነበርና፣ በዚህ መንደር ሴት የምትመዘነው በእሳቷ ነው። እናቷ በአካፋ እጀታ እየነካካቻት ነው ያስተማረቻት። ትልልቁን ከሥር፣ መካከለኛውን በላዩ፣ ክፍተቱን በደቃቁ ሞልተሽ፣ ከኋላ ከፍ ከፊት ዝቅ አድርገሽ አዳፍኚው፤ እስኪነጋ ይቆይልሻል። ክፍተት የሚታይበት እሳት ያላት ሴት ሰነፍ ተብላ በመንደሩ ትብጠለጠላለች። የቤሪልን እሳት ግን ማንም አምቶት አያውቅም።

ጉድጓዱ ሲዘጋ ከሰሉም ቀረ። ቤሪል ከአቧራው በመገላገሏ አላዘነችም፤ በሬጅ የስንብት ክፍያ ይህን የጋዝ እሳት አስገባች። ሸክላው ከሰል ይመስላል፣ ነበልባሉ እውነተኛ ነው፣ አመድ የለም። ሬጅ ለዓመታት አኮረፈው።

"ይሄ የቲያትር እሳት ነው" ይል ነበር። "ዕድሜ ልኬን ከሰል ስፈልጥ ኖሬ፣ አሁን የገል ስብርባሪ ፊት ልቀመጥ?"

እውነትም እሳቱን የገጠመው ሠራተኛ የደረደራቸው ከሰሎች ጥቂት ነበሩ፤ በመካከላቸው ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ነበር። ቤሪል እንግዳ ሲመጣ ታፍርበት ነበር፤ ግን ተወችው። ባለፈው ክረምት ነው ነገሩ የተለወጠው። የሬጅ ደረት፣ ያ የጉድጓድ አቧራ የሞላው ደረት፣ ጨርሶ ደከመ፤ ቀኑን ሙሉ ምድጃው አጠገብ ካለው ወንበሩ አይነሳም፣ ቢሞቅም ባይሞቅም ይበርደዋል። ቤሪል ገበያ ወጥታ ሌላ ከረጢት የሸክላ ከሰል ገዛችና እናቷ እንዳስተማረቻት ከምራ አዳፈነችው። ትልልቁ ከሥር፣ ደቃቁ በየክፍተቱ፣ ከኋላ ከፍ ከፊት ዝቅ። ሬጅ ክምሩን አይቶ ፊቱ በራ።

"አሁን ገና እሳት መሰለ!" አላት። "አንቺ ልጅ፣ እጅሽ አልረሳም።"

ባልና ሚስት ሆነው ሲኖሩ ሬጅ ምስጋና አይቀናውም ነበር። ይህችን ቃል ቤሪል እንደ ጌጥ ያዘቻት። ጸደይ ሳይገባ ሬጅ ወንበሩ ላይ እንዳለ አረፈ፤ ሐኪሙ የገደለው አቧራው ነው አለ፣ ከቀብሩ መልስ መንደሩ ሁሉ ክበቡ ውስጥ የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች በላለት፤ ቤሪልም ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ከሰሎቹን እያጸዳች ልክ እሱ እንደወደደው መልሳ ትከምራለች። ቀኑን የምታሳልፈውም በሬጅ ወንበር ላይ ነው።

ጃኒስና የጋዝ ሠራተኛው አብረው ደረሱ። ዳረን ይባላል፤ ቀይ፣ ወፍራም፣ ወሬኛ። ቤሪል ከሰሎቹን መልሳ ከምራ፣ በጥላሸት የጠቆረ ፊቷን ታጥባ ጥሩ ሹራቧን ለብሳ ጠበቀችው።

"በል ግባ፣ ጫማህን ጥረግ" አለችው። "እሳቴን ልትሰርቅ ነው አሉ የመጣኸው።"

"እኔ እንኳን እሳት፣ የሰው ብስኩትም አልሰርቅም እናቴ" አላት እየሳቀ። "ካቀረቡልኝ ነው እንጂ።"

"ሥራህን ጨርስና እናያለን። ይኸውልህ። የረሳሁት ነገር ካለ ንገረኝ።"

ዳረን አጎንብሶ ምድጃውን አየ። ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ጠፋ።

"ይሄን ሁሉ ከሰል የከመረው ማነው?"

"እኔ ነኛ!" አለች ቤሪል አፏን ሞልታ። "አንድ ዓርብ አልፎኝ አያውቅም። ጃኒስ፣ እየሰማሽ ነው?"

ዳረን ጋዙን ለኮሰው። ነበልባሉ በክምሩ መካከል መውጫ አጥቶ እየተልወሰወሰ ቢጫ ሆነ፣ ጫፉ ጠቆረ። ጥቂት ጠብቆ ከሳጥኑ ጭስ ብቻ የሚያወጣ የመፈተሻ ክብሪት አወጣና ለኩሶ በምድጃው አፍ ላይ ያዘው። ጭሱ ወደ ላይ መሳብ ነበረበት። ትንሽ አመነታና ተመልሶ ወደ ሳሎኑ፣ ወደ ሬጅ ወንበር ተንከባለለ። ዳረን ጋዙን ዘጋ። ሳያስፈቅድ ሁለቱን መስኮቶች በረገዳቸው።

"ምን ማለትህ ነው? ብርድ ይመታናል!" አለች ቤሪል።

"ይምታን እናቴ። የአየር ማስገቢያው ቀዳዳ የታለ?"

ከመጋረጃው ሥር አገኘው። ውስጡ የተጠቀጠቀ ነገር ነበረበት፤ ስቦ ሲያወጣው የሬጅ ወፍራም የጉድጓድ ካልሲ ሆነ። ቤሪል ካልሲውን ተቀብላ አጠፈችው፤ መቼ እንዳስገባችው ግን ትዝ አላላትም።

"ራስዎን ያምዎታል?" አላት ዳረን። "ያቅለሸልሽዎታል? ከቤት ሲወጡስ ይሻልዎታል?"

"እኔ ቤት ስትመጣ ይሻላታል" አለች ጃኒስ በድንገት።

ዳረን መሬት ላይ ተቀምጦ ነገራቸው። ይህ እሳት የሚተነፍሰው በከሰሎቹ መካከል ባለው ክፍተት ነው። ክፍተቱ ሲደፈን በደንብ አይነድም፤ ጥላሸቱ የጭስ ማውጫውን ይሞላዋል፣ ከዚያ ሽታም መልክም የሌለው መርዝ ወደ ቤት ይመለሳል። እውነተኛ ከሰል ሌላ፣ ይሄ ሌላ።

"እኔ ሐኪም አይደለሁም" አለ። "አሁኑኑ ወስደሽ ደማቸውን አስመርምሪ። ግን እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ማንም ሰው ማንቆርቆሪያ ፍሪጅ ውስጥ ያስገባል።"

ጃኒስ እናቷን አንገቷን አቅፋ አለቀሰች። "እማ፣ አእምሮሽ ደህና ነው! ደህና ነሽ እኮ! ይቅር በይኝ።" ቤሪልም ደስ አላት። ደስታዋ እውነተኛ ነበር፤ የልጇን ጀርባ መታ መታ አደረገች፣ "ያን የመኪና ማቆሚያ ለሌላ ሰው አሳዪው" ብላም ቀለደችባት። ዳረን ጋዙን ቆልፎ ቀይ ማስጠንቀቂያ አንጠለጠለበት። ዕቃውን ሲሰበስብ በወንበሩ እጅ መደገፊያ ላይ ያለውን የሲጋራ ጠባሳ አየ።

"እርስዎ ያጨሳሉ?"

"ባሌ ነበር የሚያጨሰው። ወንበሩ የሱ ነው።"

ዳረን ወንበሩን፣ ከዚያ ምድጃውን አየ። ቤሪል ያቀረበችለትን ብስኩት ሳይበላ ሄደ።

ሆስፒታል ኦክስጅን ሰጧት፤ የደሟ ውጤትም ዳረን ያለውን አረጋገጠ። ከዚያ በኋላ ጭንቅላቷ በየቀኑ እየጠራ መጣ። የጎረቤቷ ስም ተመለሰ። የጠፉባት መነጽሮች የት የት እንዳሉ ራሷ እየሄደች አነሳቻቸው። ክበቡ ውስጥ እውነተኛ ቢንጎ ሞልታ የሳቁባትን ሁሉ አፋቸውን አስያዘች። ጃኒስ የአረጋውያኑን ቤት ነገር ሰረዘችው። የጭስ ማውጫው ተጠረገ፤ ዳረን ትርፉን ከሰል ለይቶ ጥቂቶቹን እንደ ጥንቱ አራርቆ ደረደራቸው፣ ቀዩን ማስጠንቀቂያ አወጣ።

በዚያ ቀን ማታ ጃኒስ ዓሣና ድንች ጥብስ ገዝታ መጣች። ቤሪል ካፖርቷን ለብሳ ጨለማው ውስጥ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። የሬጅ ወንበር ባዶ ነው።

"እማ፣ ምን ሆነሽ ነው ብርድ ላይ የተቀመጥሽው? እሳቱ ተሠርቷል እኮ። ልለኩሰው?"

"ተይው።"

"እንግዲህ አትፍሪው፤ ዳረን አሁን አይጎዳም ብሏል።"

"እሳቱን ፈርቼ አይደለም" አለች ቤሪል። የተጠቀለለውን ምግብ ጭኗ ላይ አስቀምጣ አልፈታችውም። "ካልሲው ትዝ አለኝ። አባትሽ ባለፈው ክረምት እዚያ ወንበር ላይ ሆኖ፣ ጭንቅላቴን ከታች ጉድጓድ ውስጥ መጥፎ አየር የመታኝ ያህል ያደርገኛል፣ እስቲ መስኮቱን ክፈቺው አለኝ። እኔ ምን አልኩት መሰለሽ? ሳሎንህ ቁጭ ብለህ የምን መጥፎ አየር፣ ብርድ ደረትህን ይመታሃል አልኩት። እንደውም ከቀዳዳው ነፋስ ይገባል ብዬ ካልሲውን ወተፍኩበት። እሱም ዝም አለ። ደጋግሞ ለመናገር ትንፋሽ አልነበረውማ።"

ጃኒስ መብራት ለማብራት የዘረጋችው እጅ እንደተዘረጋ ቀረ።

"እማ፣ አባ የሞተው በአቧራው ነው። ሐኪሙ እኮ ነው ያለው።"

"እኔንም ዕድሜ ነው ብሎኝ ነበር" አለች ቤሪል።

ጃኒስ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። የዓሣው ሽታ ሳሎኑን ሞላው። ቤሪል እየተደገፈች ተነሳችና መስኮቱን ከፈተችው። የየካቲት ብርድ ገብቶ መጋረጃውን አነሳው።

"ይበርድሻል" አለች ጃኒስ፣ ሳታስበው አምልጧት።

ቤሪል መስኮቱን አልዘጋችም።