ክሯ ተበጠሰች

ጠዋት ከታቦር ሰፈር ወደ ሥራ ስወርድ የሐይቁ ጉም ገና አይነሣም። የባጃጆቹ ድምፅ ቀድሞ ይሰማል፤ ራሳቸው ቆይተው ይመጣሉ። እንዲህ ባለው ጠዋት ባለቤቴ ጥቂት ቀደም ብሎኝ የሚሄድ ይመስለኛል። ተቻኩሎ አያውቅም ነበር።

በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ እሱ መካኒክ፣ እኔ ተቆጣጣሪ ነበርን። መንግሥት ፋብሪካዎች ወደ አዲስ ቴክኖሎጂ እንዲገቡ ማገዝ ሲጀምር፣ ለእኛም የሚናገሩ የስፌት ማሽኖች መጡልን። ክር ሲበጠስ ቀጥ ብለው ቆመው በቻይንኛ ይነግሩናል፤ እኛም እርስ በርስ እንተያያለን። ባለቤቴ መመሪያውን ሲያገላብጥ ሰንብቶ የራሱን ድምፅ ቀድቶ አስገባላቸው። አፉን የፈታው በሲዳምኛ ስለነበር አማርኛ ሲናገር ወንዱና ሴቱ ይምታታበታል። ማሽኖቹ ሁሉ «ክሯ ተበጠሰች» ማለት ጀመሩ።

የሚሰፉት ልጆች በሳቅ ፍርስ አሉ።

«ጋሼ፣ ክር ሴት ናት እንዴ?»

«ወንድ ቢሆንማ ተበጥሶም አልተበጠስኩም ይል ነበር።»

እሱ ካረፈ በኋላ ሥራ የምገባው ለዚያ ድምፅ ነበር። በማሽኖቹ ጉርምርምታ መሃል አንዴ ከወዲህ፣ አንዴ ከወዲያ ይመጣል። ተቆጣጣሪ ሆኜ ክር እንዲበጠስ እመኝ ነበር።

ዘንድሮ ማሽኖቹን ሁሉ ከአንድ ስክሪን ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም መጣ። ሊጭነው የመጣው ባለሙያ ጎንበስ ብሎ፣ «እትዬ፣ የድሮው ድምፅ ይጠፋል። ቀድቼ ላስቀርልዎት ሞክሬ ነበር፤ እምቢ አለኝ» አለኝ። ልጆቹ ነግረውታል ማለት ነው። ከቦርሳው ወረቀት አውጥቶ፣ «አዲሱን የሚያነብ ሰው እንፈልጋለን። አለቆቹ እርስዎን ብለዋል» አለ።

ወረቀቱን ሰጠኝ። «ክሩ ተበጥሷል» ይላል። ትክክል ነው፤ አንድ ፊደል አልጎደለውም። የድምፅ መቅጃውን ወደ አፌ አስጠጋልኝ። እኔም እንደ እሱ፣ ሳልቸኩል፣ «ክሯ ተበጠሰች» አልኩ።

«እትዬ፣ ተሳሳቱ መሰለኝ። እንድገመው?»

«አይ፣ እንደዚያው ይሁን።»

ከሰዓት በኋላ አንዱ ማሽን ቆመና በእኔ ድምፅ ተናገረ። የምትሰፋበት ልጅ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ እያሾለከች፣ ቀና ሳትል፣ «ወንድ ቢሆንማ...» አለች።

የቀረውን ከጎኗ ያለችው ጨረሰችላት።