ኦዜላ ባትሪዋን ያላጠፋችበት ቅዳሜ

ጥቁሮች በምንበዛባት ጌሪ ከተማ፣ ብሮድዌይ ጎዳና ላይ፣ ኮሮና የሚባለው ሲኒማ ቤት ሳይዘጋ በፊት ቅዳሜ ከሰዓት ዝም ብሎ ፊልም ያየ ሰው የለም። ዝምታ ያማረው ባቡር ተሳፍሮ ቺካጎ ይሂድ ይባል ነበር። እኛ ዘንድ ፊልም የሚታየው በአፍ ጭምር ነው።

ኦዜላ ቲብስ በዚያ ሲኒማ ቤት በባትሪ እየመራች ሰው ወንበሩ ላይ የምታስቀምጥ ሠራተኛ ነበረች። የናስ ቁልፍ ያለው ቀይ ኮት ትለብሳለች፤ አፍሮዋን አበጥራ ከፍ ስታደርገው በበሩ የምታልፈው ጎንበስ ብላ ነው። ፊት ለፊት ወንበር ላይ እግሩን የሰቀለ፣ የሰው ሚስት አቅፎ የተቀመጠ፣ ሲጋራ የለኮሰ ካለ ባትሪዋን ፊቱ ላይ ቦግ አድርጋ ወዲያው ታጠፋለች። ቃል አትናገርም፤ አያስፈልጋትም። የተበራበት ሰው ሳምንቱን ሙሉ የፀጉር ቤቱና የብረት ፋብሪካው መሳቂያ ነው። ፓስተሩን ከሚፈሩ ኦዜላን የሚፈሩ ይበዙ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ያኔ ነው እነዚያ ፊልሞች የመጡት። የእኛው ቀለም ያላት፣ የእኛው ዓይነት አፍሮ ያበጠረች ሴት፣ እህቷን ወይም እጮኛዋን ሲገድሉባት ዳኛ ሳትለምን ብድሯን ራሷ ስትመልስ አየን። አንዷ ቀን ቀን ልብስ ሰፊ ናት፤ ሲመሽ ረጅሙን መቀስ ቦት ጫማዋ ውስጥ ከትታ ትወጣለች። ታሪኩ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ማን ግድ ሰጥቶት! ዕድሜ ልካቸውን «እሺ ጌታዬ» ሲሉ የኖሩ ሴቶች ከመዘምራን ልምምድ በቀጥታ፣ ባርኔጣቸውን እንደደፉ፣ የተጠበሰ ዓሣ በዳቦ በቦርሳ ደብቀው ይመጡ ነበር። ክፉው ሰው በር ጀርባ ሲደበቅ አዳራሹ በአንድ አፍ «ከኋላሽ ነው!» ይላል። ሴትዮዋ ስትዞር ደግሞ የሰማችን ይመስለናል። ጸጥታ ማስከበር የነበረባት ኦዜላ ራሷ መተላለፊያው ላይ ቆማ ከሁሉም በላይ ትጮሃለች።

የኦዜላ ሕመም ሌላ ነበር። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ ክሊዮፈስ፣ ክሊዮ የምንለው፣ የአደንዛዥ ዕፅ መርፌ ለምዶ ነበር። ከፋብሪካው ተባረረ፤ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ፤ የእናቱን ሬዲዮ ሸጠ። መርፌውን የሚሸጥለት ሮስኮ ፔትዌይ እንደሆነ አገር ያውቃል። ሮስኮ አብሯቸው ያደገ፣ ከእናታቸው ድስት የበላ ነው። አሁን የፀጉር ኮሌታ ያለው ካፖርት ደርቦ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፈሩ ልጆች ፈንዲሻ እየገዛ፣ ክሊዮን ከጎኑ አስቀምጦ ፊልም ያያል። በሬ ካራጁ ይውላል ማለት ይኼ ነው።

ኦዜላ ክሊዮን ለምናለች፣ ጾማለች፣ ተቆጥታ ደጅ አሳድራዋለች። ለሚመለከታቸውም ተናግራ ነበር፤ አልተመለከታቸውም። አንድ ቀን የወጥ ቤቱን ቢላ ኮቷ ኪስ ውስጥ ከትታ እስከ ሮስኮ መንገድ ጥግ ድረስ ሄዳለች። እዚያ ስትደርስ፣ ፊልም ላይ ሴትዮዋ ገድላ ወደ ቤቷ እንደምትሄድ፣ እሷ ግን እንደምትታሰር ታሰባት። ክሊዮንስ ማን ያበላዋል? ተመልሳ በዚያው ቢላ ሽንኩርት ከተፈችበት።

በዚህ ሁሉ መሃል አንጀቷን የሚያሳርራት፣ በአዳራሹ ውስጥ ከሮስኮ በላይ ለሴትዮዋ የሚጮህላት አለመኖሩ ነበር። ፊልሙ ላይ መርፌ ሻጩ ሲደበደብ ያጨበጭባል። ዓይን አውጣ ብዬ እንዳልፈው፣ ማስመሰል አልነበረም፤ ከልቡ ነው። ያ ሰውዬ እሱ መሆኑ ትዝ ብሎት አያውቅም።

ያን የጥቅምት ቅዳሜ ስክሪኑ ላይ ልብስ ሰፊዋ የመርፌ ሻጩን ቤት ደረጃ እየወጣች ነው። አዳራሹ ተነስቷል። ሮስኮ ወንበሩ ላይ ቆሞ፣ «በይው! አትማሪው! ልጆቻችንን የጨረሰ ውሻ!» አለ።

የኦዜላ እጅ ከሐሳቧ ቀደመ። ባትሪው ሮስኮ ፊት ላይ በራ። እንደ ልማዷ ወዲያው ታጠፋዋለች ሲባል አላጠፋችውም።

«ኦዜላ፣ እህቴ፣» አለ ሮስኮ በእጁ ዓይኑን ከልሎ እየሳቀ፣ «ዛሬ እኔ ላይ ሆነ እንዴ? ምን አጠፋሁ?»

«ድገመው፣» አለችው።

«ምኑን?»

«አሁን ያልከውን። ልጆቻችንን የጨረሰ ማን ነው?»

ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ከፊት ወንበር ጀምሮ እየጠፋ እስከ ሰገነቱ ደረሰ። ስክሪኑ ላይ ተኩስ ተጀምሮ ነበር፤ የሚያየው አልነበረም። ሮስኮ ባርኔጣውን አነሳ።

«የዕብድ ቀን ነው ዛሬ። ተነስ ክሊዮ፣ እንሂድ።»

ብርሃኑ ክሊዮ ላይም ነበር። የገዛ ወንድሟን በሰው ፊት ራቁቱን እንዳቆመችው ኦዜላ ያን ጊዜ ገባት። ባትሪውን ግን አላወረደችውም። ክሊዮ ሁለት እጁን የወንበሩ ክንድ ላይ አድርጎ ሊነሳ ተደገፈ።

ከሰገነቱ የእማማ ሉቬኒያ ድምፅ መጣ። መርፌ የገደለባቸውን የልጅ ልጃቸውን የቀበሩት በዚያው ዓመት ጸደይ ላይ ነው።

«ክሊዮ! ልጄ! ከኋላህ ነው!»

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ መለየት አልተቻለም። «ቁጭ በል!» «አትከተለው!» «ወንበሩን ያዝ፣ አንተ ልጅ፣ ያዝ!» ስንት ዓመት ለማይሰማ ስክሪን ስንጮህ የኖርነው ሁሉ ለዚያች ቅጽበት ልምምድ ነበር።

ሮስኮ ክሊዮን ሳይጠብቅ ወጣ። ኦዜላም፣ ሥራ ልማድ ነውና፣ መንገዱን በባትሪ ትመራው ጀመር። «ደረጃ አለ፣ እንዳትወድቅ፣» ሁሉ አለችው። በሩ ከኋላው ሲዘጋ ግን ባትሪውን ወደ ወንበሮቹ ለመመለስ ወኔ አጣች። ጨለማው ውስጥ ወንድሟ ይኑር አይኑር አታውቅም። እንደምንም ዞራ አበራች።

ክሊዮ ተቀምጧል። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ፣ ፈንዲሻው ጫማው ላይ ፈስሶ፣ ተቀምጧል። እማማ ሉቬኒያ ከሰገነት ወርደው አጠገቡ፣ ሮስኮ በተነሳበት ወንበር ላይ፣ ዓሣቸውን እየፈቱ ነበር።

ፊልም ቢሆን እዚህ ላይ ያልቃል። ክሊዮ ግን ከዚያ በኋላም ወድቆ ተነስቷል፤ እንደገና ወድቋል። መርፌውን ሲያቆም ለሳምንታት ሲያልበውና ሲያስመልሰው ኦዜላ አስታማዋለች። በመጨረሻ ኢንዲያናፖሊስ ሄዶ የአውቶቡስ ሹፌር ሆነ፣ አገባ፣ ሆድ አወጣ። ሮስኮ ኮሮናን ደግሞ አልረገጠም። ፋብሪካው ሰው ሲቀንስ ሲኒማ ቤቱም ተዘጋ፤ ዛሬ ጣሪያው ተደርምሶ ውስጡ ዛፍ በቅሏል። ኦዜላ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠርታ ጡረታ ወጣች። በዚያ ስታልፍ ዛፉን ማየት አትወድም፤ ፊቷን ወደ ማዶ ታዞራለች። ቀይ ኮቷ አይደለም የሚናፍቃት። ጫጫታው ነው፤ ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ለአንድ ሰው መፍራቱ ይናፍቃታል።

ባለፈው እሑድ ከእነዚያ ፊልሞች አንዱ በቴሌቪዥን መጣ። ኦዜላ ብቻዋን ሶፋ ላይ ሆና «ከኋላሽ ነው!» ብላ ጮኸችና የሚከተላትን ድምፅ ጠበቀች። ቤቱ ጸጥ አለ። ስልኩን አነሳች።

«ክሊዮ፣ ቴሌቪዥን ክፈት።»

«ከፍቻለሁ። ፀጉሯን አየሽልኝ?»

«ዊግ ነው።»

«ዝም በይ አንቺ አሮጊት! የራሷ ነው!»

ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ፣ እሱ ከዚያ እሷ ከዚህ፣ ሻጩ እስኪሞት ድረስ ጮሁ። ማስታወቂያ ሲገባ ሁለቱም ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። ኦዜላ ዕድሜ ልኳን የፈራችውን ጥያቄ ያን ጊዜ ጠየቀችው።

«ያን ቀን ለምን አልተነሳህም?»

ክሊዮ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ።

«ለመነሳትማ ፈልጌ ነበር፣ ኦዜላ። እንዴት እንደፈለግሁ አልነግርሽም። ግን ያ ሁሉ ሰው ጭኔ ላይ ተቀምጦ እንዴት ልነሳ?»

ሳቋ መጣ፤ እንባዋም አብሮ መጣ።

«አሁንስ?»

«አሁንም አልወረዱም፣» አላት።