በበረዶ ላይ የሚበረው አማቼ

ልጄ ተመርቃ ለሥራ ሌላ ስቴት ከሄደች ወዲህ ስልኬ ዝም ብሏል። እኔ ደግሞ ኩራት እራቷ የሆነ ሴት ነኝ። ልጅ ነው ለእናቱ የሚደውለው እንጂ እናት ለልጅ ስትለማመጥ አላየሁም ብዬ ቁጭ አልኩ። እራቱን ግን ብቻዬን ስበላ ከረምኩ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ፣ ቢከን ሂል ባቡር ጣቢያ ከምድር ውስጥ በሊፍት እንደወጣሁ ስልኬ ጮኸ። ልጄ ናት፤ ቪዲዮ ልካለች፣ ቃል የለበትም። አንድ ጃፓናዊ ወጣት በረዶው ላይ ተንሸራቶ ሰማይ ላይ ተንሳፈፈና ማዶ አረፈ። ሄልሜቱን አውልቆ ፈገግ አለ። በማግስቱ ያው ልጅ ዳቦ ሲገምጥ ላከች። በሦስተኛው ቀን ውሻ አቅፎ።

እንግዲህ በእኛ ወግ ሴት ልጅ የአንድ ወንድ ፎቶ ለእናቷ ደጋግማ ካሳየች ነገር አለ ማለት ነው። በቀጥታ አትናገርም፣ ታለማምዳለች። አጥንት መቁጠሩን ተውኩት፤ በዚህ ዘመን ማን ይቆጥራል? በድምፄ ቀድቼ ላክሁላት፦ «መልኩ ሸጋ ነው። ሥራው ግን ያሰጋኛል፤ እናቱ እንዴት ትችለዋለች? ለማንኛውም ሽማግሌ ይላክ፣ አልከለክልም።»

ወዲያው ደወለች። ሳቅ አላናግር ብሏታል። ልጁ በስኪ የሚዘል ስፖርተኛ ነው፣ ኦንላይን ዓለም ሁሉ ያበደለት፤ እሷን መፈጠሯንም አያውቅ። ቪዲዮውም ለእኔ የተላከ አልነበረም። የተላከው ለምርቃቷ ድግስ ከጓደኞቿ ጋር ወደከፈቱት ግሩፕ ነው፤ እኔን ያስገቡኝ ለምግቡ ነበር። ሽማግሌ ይላክ ያልኩትን ሁሉም ሰምተውታል። አፈርኩ። ግን ሃያ ደቂቃ አወራን፣ ምን እንደበላች ሳይቀር ነገረችኝ።

መንገዱን አወቅሁት፤ ሞኝ መምሰል ነው። ጥሎሹ ከጃፓን በምን ይመጣል ብዬ ላክሁ፣ ደወለች። ለሠርጉ ከነስኪው ነው ወይ የሚገባው አልኩ፣ ደወለች። በሦስተኛው መልእክቴ የልብ ምልክት ብቻ መጣ።

ከዚያ ቪዲዮው ቆመ። ውድድሩ አልቆ ይሆናል ብዬ ራሴ ፈልጌ ባይ፣ ባለፈው እሑድ እንኳ ዘሏል። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ሌላ ግሩፕ ከፍተን እኮ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ስልክሽ ሲጮህ እንዳይረብሽሽ ብዬ።»

«አይረብሸኝም ነበር» አልኳት።

ሚቲንግ አለኝ፣ ኮል አደርግልሻለሁ ብላ ዘጋች። ሳምንት ጠበቅሁ።

ትናንት የልጁን ቪዲዮ ከፈትኩ። ከመዝለያው ጫፍ ላይ፣ መነሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል ያያል። ያ ሁሉ ሰው እየወደደው ብቻውን ነው። አንጀቴን በላው።

«አይዞህ ልጄ» አልኩት። «በሰላም ስትወርድ ለእናትህ ደውልላት።»