ኩንታል ያልኩበት አውድማ

እሑድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት

መስከረም ከጠባ ወዲህ ሦስት ጓደኛሞች እሑድ እሑድ ከሰቆጣ እየወጣን በእግራችን እንጓዛለን። ሐሳቡን ያመጣው ሰይድ ነው። ሰይድ ከአባቱ የወረሰው የጨርቅ ሱቅ አለው፤ ሳምንቱን ሙሉ ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ ይውልና አንድ ቀን "እኔ ሰው ነኝ ወይስ ሜትር?" ብሎ ተማረረ፤ በዚያው ሳምንት መንገድ ጀመርን። ወለላ የሆስፒታል ነርስ ናት፤ የዚሁ የሰቆጣ ዙሪያ ልጅ። ሦስተኛው እኔ ከደብረ ታቦር ተመድቤ የመጣሁ የሰብል ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ባጭሩ እህል አይቶ መገመት ነው። ይህን ከወዲሁ የምናገረው በኋላ ለሠራሁት ጥፋት አንባቢ ትንሽ እንዲያዝንልኝ ነው።

ሌላ ጊዜ የምንሄደው እንዲሁ ለመሄድ ነው። የዛሬው ጉዞ ግን ጉዳይ አለበት። የወለላ አባት፣ አቶ ኪሮስ፣ ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ከተጋረደ ዓመታት አልፈዋል። ሰሞኑን ሞራ የሚያወጡ ሐኪሞች ከሩቅ መጥተው ሆስፒታሉ ውስጥ እየሠሩ ነው፤ የመጨረሻው ምዝገባ ነገ ሰኞ ጠዋት ነው። አባትየው ዛሬ ካልወረዱ ሐኪሞቹ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። ወለላ ሁለት ጊዜ ሰው ልካባቸው ሁለት ጊዜም "አውድማዬን ሳልጨርስ የትም አልሄድ" የሚል መልስ መጥቶላታል።

"እናንተን ሲያገኙ እንኳ ያፍሩ ይሆናል፤ አባዬ እንግዳ አሳፍረው መመለስ አይሆንላቸውም" አለችን።

እስከ ከተማው ጫፍ ለሦስታችን ስልሳ ብር ከፍለን በባጃጅ ሄድን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የእግር ነው።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ዳገቱ ላይ

ኅዳር የሰቆጣን አገር፣ ዋግን፣ ለመራመድ የተሠራ ወር ነው። ጭቃው ደርቋል፣ ፀሐይዋም ገና አልከረረችም። ከእርከኑ በላይ ገብሱ ታጭዶ ቃርሚያው ብቻ ቀርቷል፤ ከታች ቆላው በኩል ማሽላው አናቱን ደፍቶ ቆሟል። በየኮረብታው ወገብ ላይ የሰው እጅ የደረደረው የድንጋይ እርከን አንዱ ካንዱ በላይ ይታያል። ሰይድ እንደ ልማዱ በየዳገቱ እየቆመ "አየሩን ላጣጥም" ይላል። ትንፋሹ አጥሮት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን አንነግረውም።

አህያ ላይ ጀሪካን ጭነው የሚወርዱ አንዲት ሴት አገኘንና መንደሩ ሩቅ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

"እዚችው ናት" አሉኝ፣ በአገጫቸው እያመለከቱ።

ያቺ "እዚችው" አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀችብን። በመሃል ከአንድ ወይራ ሥር ተቀምጠን የሰይድ ሚስት የጋገረችውን ዳቦ ከእኔ ቆሎ ጋር በላን። ወለላ ግን ዳቦዋን በእጇ እንደያዘች ቀረች። ሆስፒታል ስንት ሰው ስታጽናና የምትውል ልጅ፣ የገዛ አባቷን እንዴት እንደምታነጋግር ቃል ጠፍቷት ነበር።

አራት ሰዓት፣ አውድማው

አቶ ኪሮስ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው አውድማቸው ዳር ተቀምጠዋል። አውድማው በእበት ተለቅልቆ ጸድቷል። መሃሉ ላይ ተበራይቶ ያበቃ ገብስ ከነገለባው ተከምሯል። በንፋስ ማዝራት ብቻ ነው የቀረው፤ ዛሬ ግን ሰንበት ስለሆነ የሚነካው የለም። ባለፉት ዓመታት ዝናቡ አሻፈረኝ እያለ ይህ አውድማ እህል ሳያይ ከርሟል።

ወለላና ሰይድ ጫማቸውን ከዳር አውልቀው "በረከቱን ያውርድበት!" እያሉ ገቡ። "አሜን፣ አሜን፤ ደኅና መጣችሁ ልጆቼ" አሉ አባትየው፣ ፊታቸውን ወደ ድምፁ መልሰው። እኔ የጫማዬን ማሰሪያ ስፈታ ወደ ኋላ ቀረሁ።

ወለላ ከአባቷ አጠገብ በርከክ አለች። ጥቂት በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና፣ ጥቂት በአማርኛ አስረዳቻቸው። ቀዶ ጥገናው እንደማያም፣ በማግስቱ ፋሻው እንደሚፈታ፣ ጎረቤታቸው አያሌው ክምሩን ሊጠብቅ ቃል እንደገባ ነገረቻቸው። አያሌውም ከኋላ ቆሞ "እኔ አለሁ አይደል?" እያለ ያግዛታል። አቶ ኪሮስ በትራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው ከጎናቸው አኖሩ።

"እንግዲህ" አሉ በመጨረሻ፣ "ከዘራዬን ከቤት አምጡልኛ።"

ወለላ ወደ እኛ ዞራ ፈገግ አለች። ከመስከረም ጀምሮ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እኔም ደስ አለኝ፤ ደስ ሲለኝ ደግሞ አፌ አያርፍም።

"አባባ፣ ዘንድሮ እኮ ጥሩ ነው!" አልኩ ክምሩን እየዞርኩ። "ስንት ኩንታል ይወጣዋል? እኔ ከስምንት አያንስም ባይ ነኝ።"

ሰይድ ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። ከዘራ ሊያመጣ የሄደው አያሌው ከመንገድ ተመለሰ። አባትና ልጅ በኽምጣና ተነጋገሩ፤ ከንግግሩ የገባችኝ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ እሷም "ኩንታል" የምትለው ናት።

የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ወጉን አላውቅም ብል ውሸታም እሆናለሁ። እህል አውድማ ላይ ሳለ ቁጥር አይጠራበትም። ጎተራ እስኪገባ ድረስ የፈጣሪ ነው፤ የቆጠረው ሰው በረከቱን ያሸሸዋል። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በየማሳው እየዞርኩ ቅጽ ስሞላ አፌ ከእኔ ተለይቶ መሥሪያ ቤቱ ተቀጥሯል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለውም።

"ከእንግዲህ አልሄድም" አሉ አቶ ኪሮስ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ክምሬ በቁጥር ተጠርቷል። የተጠራ ክምር ባለቤቱ ጥሎት አይሄድም።"

"አባዬ፣ ዓይንዎስ?" አለች ወለላ።

"እህሌ ላይ ዓይን ከገባበት የእኔ ዓይን ቢበራ ምን ሊያይ ነው?"

 ወለላ ተነሥታ ጥቂት ራቅ ብላ ጀርባዋን ሰጠችን። አፈርኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰይድ በዝግታ "እንግዲህ አንተው ያበላሸኸውን አንተው ፍታው" አለኝ።

ሄጄ ከአቶ ኪሮስ ፊት ተቀመጥኩ።

"አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። የጠራው ቢጠብቀውስ? እርስዎ ይሂዱ፤ ጎተራ እስኪገባ እኔ ከዚህ አልነቃነቅም።"

"ሥራ የለህም?"

"አለኝ። ይቅር።"

"ታዝራለህ?"

"ልጅ ሆኜ አዝርቻለሁ።"

እጃቸውን ሰደው መዳፌን ዳበሱ። ለስላሳ ነው፤ የቢሮ እጅ ነው። ትንሽ ሳቁብኝ መሰለኝ።

"ጫማ አታደርግም። ጀርባህን ለክምሩ አትሰጥም። ቁጥር ከአፍህ አይወጣም፤ በልብህም እንዳታስበው።"

"እሺ፣ አባባ።"

"እንግዲያስ የጠራው ይጠብቀው" አሉና ከዘራቸውን ጠየቁ።

ሰባት ሰዓት ላይ ቁልቁል ወረዱ፤ አቶ ኪሮስ አንድ እጃቸውን በሰይድ ትከሻ ላይ አድርገው፣ ወለላ ፊት ፊት ድንጋይ እያነሣችላቸው። ሰይድ ዳገት ላይ እንደሚቆመው ቁልቁለቱም ላይ እየቆመ ነበር፤ አሁን ግን ለሽማግሌው ብሎ ነው።

ሰኞ፣ ንፋሱን ስንጠብቅ

ጠዋት ኮረብታው አናት ላይ ወጥቶ ኔትወርክ መፈለግ ነበረብኝ፤ አያሌው በእኔ ቦታ ክምሩ ላይ ቆመልኝ። አለቃዬ የት እንዳለሁ ሲጠይቀኝ "አውድማ ላይ" አልኩት።

"ጎበዝ! ግምቱን ይዘህ ና" አለኝ። ለመስክ ሥራ የወጣሁ መስሎታል። አይደለም፣ ቅጣት ላይ ነኝ ብዬ እውነቱን ብነግረው ስቆ አንድ ቀን ከዓመት ፈቃዴ ላይ ቀነሰልኝ።

ንፋሱ እስከ ስምንት ሰዓት አልመጣም። እስኪመጣ አያሌው ቤት የገብስ እንጀራ በሽሮ በላሁ፤ ጠላም ጠጣሁ። ንፋሱ ሲነሣ እሱ ባለጣቱን መንሽ፣ እኔ የእንጨት አካፋውን ላይዳ ይዘን ገባንበት። ገለባው አንገቴ ውስጥ ገብቶ ያሳክከኛል፤ መዳፌ ውኃ ቋጠረ። ከሁሉ የከበደኝ ግን አለመቁጠሩ ነው። የማዳበሪያ ከረጢት በተሞላ ቁጥር ጭንቅላቴ ብቻውን ይደምራል። አያሌው ከንፈሬ ሲነቃነቅ አየና "ቁጥር ሲመጣብህ ዝፈን" አለኝ። ድምፄ አያምርም፤ ቢሆንም ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ዘፈንኩ። ከሰፈሩ ሴቶች አንዷ በአጥር በኩል "ይኼ ሰውዬ ምን ሆኗል?" ብላ ስትጠይቅ ሰማሁ። የመጨረሻው ማዳበሪያ ጎተራ ውስጥ ሲገለበጥ ስንት እንደሆነ እውነትም አላወቅሁም።

ማክሰኞ፣ መመለስ

ማልጄ ለብቻዬ ወረድኩ። ሁለት ዓመት በዚህ አገር ስኖር የገበሬውን እህል ሁሉ የማውቀው በቁጥር ነበር። በዚህ ጉዞ የተማርኩት ቀላል ነገር ነው፤ ለእኔ ስምንት ኩንታል የሆነው ነገር ለባለቤቱ ዝናብ የተጠበቀበት ስንት ሌሊት መሆኑን። ግምት መስጠቴን አልተውም፤ እንጀራዬ ነው። አውድማ ላይ ግን ዳግመኛ አልጠይቅም።

ከተማ እንደገባሁ ቤቴ ሳልደርስ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ። ሰይድ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። አቶ ኪሮስ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ የቀኝ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል። "ጎተራ ገባ፣ አባባ" ስላቸው "ተመስገን" ብለው እጄን ያዙ፤ ውኃ የቋጠረውን መዳፌን ዳበሱና ነቀነቁት። ስንት እንደሆነ አልጠየቁኝም።

ፋሻውን መፍታት የወለላ የዘወትር ሥራዋ ነበር፤ ዛሬ ግን ከአባቷ ፊት መቆም ስለፈለገች ሌላ ነርስ ፈታችላት። አቶ ኪሮስ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆይተው ቀስ ብለው ከፈቱ። ጣሪያውን አዩ፤ መስኮቱን አዩ። ከዚያ ልጃቸውን አገኟት። እጃቸውን ሰደው ከነጠላዋ ሥር በጆሮዋ ግንድ በኩል የወጣውን ሽበት ነኩ።

"ይኼ መቼ መጣ?"

"ቆየ እኮ፣ አባዬ።"

"በየበዓሉ ስትመጪ ደጅ ድረስ እሸኝሻለሁ" አሉ። "እስካሁን ስሸኝ የነበረው ያቺን ትንሿን ልጄን ነው።"