ወንድሙ ያመጣው ሌዘር

ባሌ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ታናሽ ወንድሙ ከባምባሲ ስልኩን በእጁ ይዞ መጣ። ለቅሶ የመጣ ሰው ያለቅሳል፣ ካልሆነም ዝም ብሎ ይቀመጣል። እሱ ግን ቪዲዮ ያሳይ ጀመር። የውጭ አገር ሐኪሞች ልብን በሌዘር ሲያክሙ የሚያሳይ ነው። ከማንጎው ሥር ምንጣፍ ላይ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ በየተራ አዞረው።

«መብራት ነው እኮ» አለ። «አይቆርጥም፣ አያምም። ያበሩልሃል፣ ተነሥተህ ትሄዳለህ።»

ሥራው ቆርቆሮና ሚስማር መሸጥ ነው። ስለ ወንድሙ ልብም ያወራው ቆርቆሮ በሚያሞግስበት ድምፅ ነው። ባምባሲ ከተማ ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ ወንድሙ በታመመበት ጊዜ ሁሉ ግን አንድ ቀን አልመጣም።

አማርኛ ስትናገር ወንዱንም «አንቺ» የምትለው የበርታ ተወላጅ ጎረቤቴ ስልኩን አይታ መለሰችለትና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ይሄ ሰውዬ ሚስማር ትሸጣለች ወይስ ልብ?»

ሳቅ አመለጠኝ። እሱም አየኝ።

«እትዬ» አለ፣ ሰው እንዲሰማ ጮክ ብሎ፤ «ወንድሜን ከዚህ ሕክምና ማን ነው ያስቀረው?»

ማን እንደሆነ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ያየን ሐኪም ወረቀት ላይ ልብ ሥሎ አስረድቶናል። የባሌ የልብ ደም ሥሮች በሌላ መንገድ የሚጠገኑ አልነበሩም። የቀረው ነገር ውጭ አገር ሄዶ፣ ደረቱ ተከፍቶ፣ የልቡን ጡንቻ በሌዘር ማስበሳት ነው። «ሕመሙን ሊያቀልለት ይችላል፤ ዕድሜ ይጨምራል ብዬ ግን አልዋሻችሁም» አለን። ባሌ ወደ እኔ ዞረ። እኔም አፌን ሞልቼ «ዕድሜ ካልጨመረ ምን ያደርግልናል? ቤታችን እንሂድ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ መስጊድ ለመድረስ ሦስት ጊዜ ይቆም ነበር። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የሰው አጥር የሚመለከት ይመስላል፤ ሰው እንዳያውቅበት።

ወንድምየው መልስ ይጠብቃል። ስለ ሌዘር ካወራው አንድም ቃል ልክ አልነበረም፤ ይህን በሰው ፊት ነግሬው ላሳፍረው እችል ነበር። የጠየቀኝ ግን ሌላ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

እስኪሰድበኝ ጠበቅሁ። ስልኩን አጥፍቶ መሬት መሬት አየ።

«ብዙ ያመው ነበር?» አለኝ።

ያን እንኳ አያውቅም ነበር።

«አዎ» አልኩት። «ብዙ።»